ተናካሹ ውሻ ወይስ ኃላፊነቱን የዘነጋው ባለቤት?

በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሰሚት፣ በሲኤምሲና በአያት መኖሪያ መንደሮች ለሚያልፍ መንገደኛ በግቢ በሮች ላይ "ተናካሽ ውሻ አለ" የሚል ጽሑፍ ማንበብ እንግዳ ነገር አይደለም። ጽሑፉ አላፊ አግዳሚው እንዲጠነቀቅ ያሳስባል። የውሻው ባለቤት ስላለበት ግዴታ ግን የሚለው ነገር የለም። በሩ ሳይዘጋ ያደረ ዕለት ወይም መኪና ሲገባ ውሻው አምልጦ የወጣ ዕለት፣ ማስጠንቀቂያው በማለዳ ወደ ትምህርት ቤት የሚያመራውን ሕፃን ከጉዳት አያድነውም።

የመዲናዋ ምሥራቃዊ ክፍል ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በስፋት ከተገነቡ አካባቢዎች አንዱ ነው። ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ክፍለ ከተሞች ተከፍሎ በ2013 ዓ.ም 11ኛው ክፍለ ከተማ ሆኖ መደራጀቱም ከዚሁ መስፋፋት ጋር የተያያዘ ነው። በአካባቢው ቪላ ቤቶች፣ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችና ገና በግንባታ ላይ ያሉ ይዞታዎች ጎን ለጎን ይገኛሉ። በሁሉም ዘንድ ውሻ አለ፤ አያያዙ ግን ይለያያል። በቪላው ግቢ ለጥበቃ ይታሰራል። በግንባታው ቦታ ከዘበኛው ጋር ያድራል። በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ደግሞ ብዙ አባወራዎች ፍርፋሪ የሚሰጡት፣ ማንም ግን የእኔ ነው የማይለው ውሻ በደረጃው ሥር ይተኛል።

ከአገር በቀሉ ውሻ በተጨማሪ ጀርመን ሼፐርድ፣ ሮትዋይለርና ፒትቡል የመሳሰሉ ዝርያዎችን ለጥበቃም ሆነ ለክብር ብለው የሚያሳድጉ ነዋሪዎች አሉ። በዚህም ሳቢያ ለንክሻ አደጋ መንስኤው የውሻው ዝርያ ነው ወይስ የሰው አያያዝ የሚለው ጥያቄ ይነሳል። ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ አስተዳደሩ የትኛውን የቁጥጥር ዘዴ ማስቀደም እንዳለበት ስለሚያመለክት በጥሞና ሊታይ ይገባዋል።

ዝርያው ምን ያህል ይወስናል?

ብሪታንያ እ.ኤ.አ በ1991 ባወጣችው የአደገኛ ውሾች ሕግ ፒትቡል ቴሪየርን፣ የጃፓን ቶሳን፣ ዶጎ አርጀንቲኖንና ፊላ ብራዚሌሮን አግዳለች። ከ30 ዓመታት በላይ ቆይቶም እ.ኤ.አ በ2023 መጨረሻ በእንግሊዝና በዌልስ ኤክስኤል ቡሊ የተባለውን ዓይነት በዝርዝሩ ውስጥ ለማካተት ተገዳለች። በሌላ በኩል ኔዘርላንድ እ.ኤ.አ በ1993 በፒትቡል ላይ የጣለችውን እገዳ የንክሻ አደጋን አልቀነሰም በሚል እ.ኤ.አ በ2008 አንስታለች።

ሳይንስ በተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ በ2022 የወጣ ከ18 ሺህ በላይ ውሾችን ያካተተ ጥናት፣ በውሾች መካከል ከሚታየው የጠባይ ልዩነት ውስጥ በዝርያ የሚገለጸው 9 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆኑን አመልክቷል። በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ተካሂዶ እ.ኤ.አ በ1994 የወጣ ጥናት በበኩሉ ከተናካሾቹ መካከል ጀርመን ሼፐርድና ቻው ቻው ጎልተው መታየታቸውን ሳይሸሽግ፣ ያልተኮላሹ ወንድ ውሾችና በግቢ ውስጥ በሰንሰለት ታስረው የሚውሉ ውሾች የበለጠ የመንከስ ዝንባሌ እንዳላቸው አሳይቷል።

ይህ ሲባል ዝርያ ምንም ለውጥ አያመጣም ማለት አይደለም። ግዙፍና መንጋጋው ጠንካራ የሆነ ውሻ አንድ ጊዜ ሲነክስ የሚያደርሰው ጉዳት ከትንሹ ውሻ ይከፋል። ይሁንና ቡችላው ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ዕድሜው ገደማ ከልዩ ልዩ ሰዎች ጋር ሳይላመድ ካደገ፣ ከዚያም ቀን ሙሉ ታስሮ ማታ ብቻ የሚለቀቅ ከሆነ፣ ዝርያው ምንም ይሁን ምን እንግዳን ሁሉ እንደ ጠላት ማየቱ አይቀርም። በከተማዋ የሚገኘው አብዛኛው ውሻ አገር በቀል ወይም ድቅል በመሆኑም በውጭ ዝርያዎች ስም ዝርዝር ላይ ብቻ የተመሠረተ ቁጥጥር ሰፊውን ችግር ሳይነካው ያልፋል።

ሕጉ ምን ይላል?

በአገሪቱ የውሻ ባለቤትን ተጠያቂ የሚያደርግ ሕግ አዲስ ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ደንግጓል። እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊገመት የማይችል ቢሆንም ባለቤቱ ከኃላፊነት አይድንም። በሩን የከፈተው ዘበኛው ነው የሚለው ምክንያትም ብዙ አያዋጣም፤ በአንቀጽ 2130 መሠረት ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ ለሚያደርሰው ጉዳት አሠሪው ይጠየቃልና። ተጎጂው የካሣ ጥያቄውን በ2 ዓመት ጊዜ ውስጥ ማቅረብ ይኖርበታል። ከዚህም ሌላ በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 559 በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስን ያስቀጣል።

ሆኖም የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንድ መውጫ በር ትቷል። ጉዳቱ በባለቤቱ ወይም እርሱ ኃላፊ በሚሆንለት ሰው ጥፋት የደረሰ ካልሆነ፣ የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎጂው በመልቀቅ ከኃላፊነት ነፃ ሊሆን ይችላል። ለተነከሰ ሰው የነከሰውን ውሻ መረከብ የሕክምና ወጪውን አይሸፍንለትም። በመሆኑም ውሻው መከተቡን፣ በአግባቡ መያዙንና ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ነክሶ እንደሆነ የሚያሳይ መዝገብ መኖሩ ለፍትሕ አሰጣጡ ወሳኝ ነው።

ከሁሉም በላይ አስቸጋሪው ግን ከዚህ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ ነው። ሕጉ ባለቤቱ ይጠየቅ ይላል፤ ባለቤቱ ማነው የሚለውን የሚመልሰው ግን ማስረጃ ነው። "ውሻው የእኔ አይደለም" ለሚል ሰው ከጎረቤት ምስክርነት በስተቀር የሚቀርብበት ማስረጃ ከሌለ፣ የተጻፈው ድንጋጌ ለተጎጂው ሳይደርስ ይቀራል።

ከንክሻው ባሻገር

የባለቤቱ መታወቅ ከካሣ በላይ የሕይወት ጉዳይም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያመለክተው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎች በእብድ ውሻ በሽታ ሕይወታቸውን ያጣሉ ተብሎ ይገመታል። ለሰው ከሚተላለፈው ውስጥ እስከ 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ሲሆን፣ ከሟቾቹ 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በኢትዮጵያም በየዓመቱ ወደ 2 ሺህ 700 የሚጠጉ ሰዎች በበሽታው እንደሚሞቱ ግምቶች ያሳያሉ።

አዲስ አበባ ይህን በሽታ የምታውቀው ገና በልጅነቷ ነው። በ1895 ዓ.ም ክረምት በከተማዋ ወረርሽኝ መከሰቱ በታሪክ ተመዝግቧል። ሕዝቡ እስከ ዛሬ "ፓስተር" በሚለው የቀድሞ ስሙ የሚያስታውሰው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ለረጅም ዓመታት ስሙ ከእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጋር ተያይዞ ሲነሳ ቆይቷል።

በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ የማዳን ዕድሉ እጅግ የመነመነ ነው። በመሆኑም የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል። የነከሰው ውሻ ባለቤቱ የሚታወቅ ከሆነ ለ10 ቀናት በክትትል ሥር ሊቆይ ይችላል፤ ይህም ለሐኪሙ ውሳኔ ይረዳል። ባለቤቱ ያልታወቀ ውሻ ግን ነክሶ ይሰወራል፤ ለተጎጂው ቤተሰብም ጭንቀቱን ትቶለት ይሄዳል።

ባለቤት አልባ ውሾችን በመርዝ ማስወገድ በከተማዋ በተለያዩ ጊዜያት የተሞከረ መንገድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ውሾችን በጅምላ መግደል በሽታውን እንደማይገታ ያስረዳል። በተገደሉት ቦታ ያልተከተቡ ሌሎች ውሾች ይተካሉና። ውጤት የሚያመጣው ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑትን ውሾች በተከታታይ መከተብ ነው።

ከአስተዳደር አካላት ምን ይጠበቃል?

የመጀመሪያው እርምጃ ምዝገባን ከክትባት ጋር አጣምሮ በወረዳ ደረጃ ማከናወን ነው። ውሻው ሲከተብ የባለቤቱ ስምና የቤት ቁጥር ቢመዘገብና በአንገቱ ላይ ቁጥር ያለው ምልክት ቢደረግለት፣ ጤና ጣቢያውም ሆነ ፖሊስ አንድ ዓይነት መረጃ ይኖራቸዋል። ለምዝገባው የሚጠየቀው ክፍያ ከበዛ ነዋሪው ውሻውን ሊደብቅ ስለሚችል ክፍያው አነስተኛ መሆን ይገባዋል። ገቢ ለመሰብሰብ ተብሎ የሚጀመር ምዝገባ ዓላማውን ይስታል።

ሁለተኛው በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የሚታየውን ክፍተት መድፈን ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበራት በመተዳደሪያ ደንብ እንዲመሩ መሠረት ጥሏል። ማኅበራቱ በጊቢያቸው የሚኖረውን ውሻ የሚያስከትብና የሚጠየቅለት አካል በደንባቸው ቢሰይሙ የሁሉም ሆኖ የማንም ያልሆነው ውሻ ባለቤት ያገኛል።

ሦስተኛው በግንባታ ቦታዎች የሚያድሩ ውሾችን ይመለከታል። ሥራው ሲጠናቀቅ ዘበኛው ይሄዳል፣ ውሻው ግን በመንደሩ ይቀራል። የግንባታ ክትትል ባለሙያዎች ቁጥጥር ሲያደርጉ ይህንንም ቢጠይቁ የባለቤት አልባ ውሾችን ቁጥር ከምንጩ መቀነስ ይቻላል።

እነዚህ ተግባራት ከፍተኛ በጀት ከሚጠይቁት ይልቅ የጽሕፈት ቤቶችን ቅንጅት የሚሹ ናቸው። አበው "ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል" እንዲሉ፣ ዛሬ በአጥርና በመዝገብ ላይ የሚታየው ትንሽ ቀዳዳ ነገ ለከፋ ጉዳት መግቢያ ይሆናል። ቀዳዳውን የመድፈን ኃላፊነት ደግሞ የውሻው ሳይሆን የባለቤቱ፣ ባለቤቱንም ለይቶ የማወቅ ኃላፊነት የአስተዳደሩ ነው።