የሰብል ካሳና የካሬ ሜትር ጨረታ

በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» እያሉ ሰልፍ የወጡት ተማሪዎች ጥያቄያቸው እንደ ተመለሰላቸው ሲነገረን ኖሯል። የ1967ቱ አዋጅ ጭሰኝነትን መሻሩን አንክድም። ነገር ግን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፥ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ ደነገገ። ይህስ ላራሹ ነውን?

እስቲ ቦሌ አራብሳን እንይ። ኮንዶሚኒየሙ የቆመው በእርሻ ላይ ነው። ለተነሣ ገበሬ ሕጉ የሚያሰላው የመሬቱን ዋጋ ሳይሆን የሰብሉን ነው፤ በአዋጅ 455/1997 የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በአሥር፥ በአዋጅ 1161/2011 ደግሞ ከሦስት ዓመት ውስጥ ከፍተኛው ገቢው በአሥራ አምስት ይባዛል። እዚያው ምሥራቅ አዲስ አበባ ለባለገንዘብ የሚቀርበው ቦታ ግን በሊዝ ጨረታ፥ በካሬ ሜትር ነው። ልዩነቱን ማን በላው?

ገበሬው መሬቱን እንዲሸጥ ቢፈቀድለት ይሰደዳል ይሉናል። ያራብሳው ገበሬ ሳይሸጥ አይደለም ወይ የተነሣው?

ኬንያ በ2002 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት (እዚያም አንቀጽ 40 ነው!) መሬቱ ለተወሰደበት ሰው ሙሉ ካሳ ባፋጣኝ ይከፈል ትላለች። የግል ርስት ያለበት አገር ስለ ሆነ ነው የሚል ቢኖር፥ መሬት የማትሸጠውን ቻይናን እንጥቀስለት። እርሷም እንደኛ በምርት ብዜት ታሰላ ነበር፤ በ2012 ሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ ግን ስሌቱን ትታ የአካባቢውን የመሬት ዋጋ መነሻ አደረገች።

እኛም የምንለው ለተነሺው ገበሬ ከጨረታው ዋጋ ድርሻ ይቆረጥለት ነው። «የመንግሥትና የሕዝብ» ሲባል፥ ሕዝብ በሚለው ውስጥ ገበሬው አለ ወይስ የለም?