ግብር አልከፍልም ያለችው ጸሐፊ

«በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላል ያገሬ ሰው። ለመሆኑ አፉን የዘጋ ሁሉ ሰላም ያድራል? ይህን ጥያቄ ከምር አንሥቶ ያገኘሁት፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ አንድ የአሜሪካ ኮሜዲ ፊልም ነው።

ተከታታይ ፊልሙ «ቦስተን ሊጋል» ይባላል። ዴቪድ ኬሊ የፈጠረው፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2008 በኤቢሲ ቴሌቪዥን የታየ የጠበቆች ጉድ ነው። እኔ የማነሣው በማርች 2006 የቀረበውን አንድ ክፍል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜሊሳ ሂዩዝ የምትባል ጸሐፊ በመንግሥቷ ሥራ አፍራ «ግብር አልከፍልም!» ትላለች። ተከሰሰች። ጥብቅና የቆመላት አለን ሾር (ጄምስ ስፔደር) ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ «አፍሬያለሁ» ብሎ ግብር መከልከል በሕግ ፊት አያዋጣም። ታዲያ ጠበቃው ምን አደረገ? ተነሥቶ የመንግሥቱን ገመና አንድ በአንድ ዘረገፈው። ኢራቅ አለ ተብሎ ያልተገኘው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ፣ የአቡ ግራይብ ግፍ፣ ያለ ፍርድ የታጎሩ ሰዎች፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚጠለፍ ስልክ...

ልብ በሉ! የስልክ ጠለፋው በጋዜጣ የተጋለጠው በዲሴምበር 2005 ነው። ሦስት ወር ሳይሞላው፣ ጦርነቱ ሳይበርድ፣ ቡሽ ከቤተ መንግሥት ሳይወጡ በትልቅ ጣቢያ ተነገረ።

መንግሥትን መውቀስስ ብዙዎች ወቅሰዋል። የዚህ ክፍል ቁም ነገር ጣቱን ወደ ሕዝቡ መቀሰሩ ነው። ጠበቃው በእያንዳንዱ ቅሌት «አሁንስ ሕዝቡ ይነሣል» ብሎ ጠበቀ። ማንም ድምፅ አላሰማም። እንግዲያው ሁላችንም ተስማምተናል ማለት ነው? አንዲት ጸሐፊ ብቻ ናት ያፈረችው? አድላይ ስቲቨንሰን በ1952 የተናገሩትንም ያስታውሳል፤ ፍርሃት አፈናን ይወልዳል ነው ነገሩ።

እንከን የለውም አልልም። ደራሲው በጠበቃው አፍ አብዝቶ ይሰብካል። ግን አንድ ነገር ይክሰዋል። የአለን የልብ ጓደኛ ዴኒ ክሬን (ዊልያም ሻትነር) ጠመንጃ ወዳድ፣ የለየለት የቡሽ ደጋፊ ነው። ሁለቱ ቀን በፖለቲካ ይቧቀሳሉ፣ ማታ በረንዳ ላይ ውስኪና ሲጋራቸውን ይዘው አብረው ያመሻሉ። የኛዎቹ ደጋፊና ተቃዋሚ በአንድ በረንዳ የሚያመሹት መቼ ይሆን?

እኛም «ሽብር» የሚለውን ቃል እናውቀዋለን። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ በ2012 ዓ.ም. እስኪሻር ድረስ ስንቱን ጋዜጠኛና ፖለቲከኛ ወህኒ አወረደ! ያኔ ስንቶቻችን ነበርን «አፍሬያለሁ» ያልነው?

አዎ፣ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። እንጀራም ግን አይገባም!