ከፍታና የሞተር ኮምፒውተር፦ በዝግታ ሲነዳ ለሚንገጫገጭ መኪና ስለሚታዘዘው መድኃኒት የተሰጠ ምላሽ

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅና በውጫሌ በኩል ወደ ወልዲያ በሚዘልቀው መንገድ በሚነዱ ሰዎች ዘንድ የጸና እምነት አለ። መኪናው በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ በዝግታ ሲሄድ የሚንገጫገጨው ኮምፒውተሩ ለጃፓን ዝቅተኛ ምድር የተሠራ ስለሆነ ነው ይላሉ። በአምባሰል ከፍታ አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ እንደገና ፕሮግራም መደረግ አለበት። ይህን የሚሉት ሞተር የሚያውቁ ሰዎች ናቸውና አስተያየታቸው በአክብሮት ሊመረመር ይገባዋል። ሲመረመር ግን መነሻው እውነት፣ ድምዳሜው ስሕተት ሆኖ ይገኛል።

በመጀመሪያ፣ የአየሩ መሳሳት አያከራክርም። የአየር ግፊት በባሕር ወለል 101 ኪሎፓስካል ገደማ ሲሆን፣ እንደ ሐይቅ ከተማ ባለ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደ 80 ይወርዳል። ካርቡራተር ያለው ሞተር ይህን ለውጥ የሚለካበት መንገድ ስለሌለው ከፍታ ላይ በእርግጥ ቤንዚን ያበዛል፤ ካርቡራተር ያለው ባጃጅ የሚነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል። ኢንጀክተር ያለው ቪትዝ ወይም ኮሮላ ግን የሚገባውን አየር በሴንሰር ይለካል፤ ቤንዚኑንም በዚያው ልክ ይመጥናል። ከዚያም የኦክስጅን ሴንሰሩ ጭሱን እያየ ለ1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር የሚለው ምጣኔ እንዲጠበቅ ያርማል። የተለመደው አስተያየት የካርቡራተርን ሕግ ካርቡራተር በሌለው ሞተር ላይ ይጭናል።

ሁለተኛ፣ ምክንያቱ ከፍታ ቢሆን ኖሮ ሕመሙ ከከፍታው ጋር በተለዋወጠ ነበር። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፤ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ትላለች፤ በዚያው መንገድ ያለችው መርሳ ከሐይቅም ዝቅ ትላለች። እንግዲህ ደሴ ላይ የሚንገጫገጭ መኪና ሐይቅ ላይ ሊሻለው፣ መርሳ ላይ ሊድን ይገባል። ደግሞም አንድ ዓይነት ሞተር ያላቸው መኪኖች ሁሉ በአንድነት መታመም ነበረባቸው። ጎረቤቱ ያው ሞዴል መኪና ይዞ በሰላም እየሄደ የአንዱ ብቻ ሲንገጫገጭ፣ ምክንያቱ በሁለቱ መኪኖች መካከል ባለው ልዩነት እንጂ በሚጋሩት ከፍታ አይፈለግም።

ሦስተኛ፣ ከእነርሱ ወገን የሚሰማው ይህ ክርክር ከሁሉ የበረታ ነው፦ «ፕሮግራም ካስደረግሁት በኋላ ተወው።» ምስክርነቱን አልጠራጠርም፤ የምጠራጠረው ፈውሱ ለማን እንደተቆጠረ ነው። ኮምፒውተሩ አዲስ ፋይል ሲጫንበት ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ያጠራቀመው የቤንዚን እርማት ይሰረዛል፤ በዚያው ቀን ትሮትሉ ሊጸዳ፣ ካንዴላውም ሊቀየር ይችላል። ሦስት ነገር በአንድ ላይ ተደርጎ ለአንዱ ምስጋና መስጠት የአመክንዮ ግድፈት ነው። መለያው ፈተና ቀላል ነው፦ አዲስ ፋይል ሳይጫን ትሮትሉ ይጽዳ፣ እርማቱም በስካነር ይሰረዝ። መኪናው በዚህ ከተሻለው ፋይሉ አላዳነውም ማለት ነው። ለጥቂት ቀናት ተሽሎት ከተመለሰበትም ኮምፒውተሩ ያንኑ የቆየ ጉድለት እንደገና እየተማረ ነው።

በፕሮግራም «ቤንዚን ጨመርንለት» ለሚሉም ሁለት መንገድ ብቻ አለ። የኦክስጅን ሴንሰሩ ሥራ ላይ ከሆነ፣ በተረጋጋ ጉዞ የተጨመረው ቤንዚን ወዲያው ይቀነሳል። ሴንሰሩ በፕሮግራም ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ ሕመሙ አልዳነም፤ ተሸፈነ። ትርፉ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፣ ካታሊስቱን ያቃጥላል፣ ባለቤቱንም ነዳጅ በሚጠፋበት አገር ወጪ ያስወጣዋል። ይህን እንደ ጥገና ማስከፈል ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

ከፍታው የሚያደርገውን ላለመካድ፦ ቱርቦ የሌለው ሞተር በሐይቅ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። በቆላ በሦስተኛ የሚወጣው ዳገት እዚህ ሁለተኛ ይፈልጋል፤ ነጂው ማርሹን ካልቀነሰ ሞተሩ ይጨነቃል፣ መኪናውም ይንገጫገጫል። ማንኛውም ፋይል ለሞተሩ አየር አይጨምርለትም።

የቀረው ጥፋት በአብዛኛው በእጅ የሚዳሰስ ነው፦ ያረጀ ካንዴላና ኮይል፣ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ ትሮትል፣ ሞተሩን የሚይዙት የላሉ ጎማዎች፣ ያለቀ ፍሪሲዮን፣ በአውቶማቲክ ደግሞ የከረመ የካምቢዮ ዘይት። በጀሪካን ከመንገድ ዳር የተገዛ ቤንዚን ይዞት የሚገባውን ውሃና አቧራም መርሳት አይገባም። ስካነሩ መንገዱን ያሳያል፦ የረጅም ጊዜው የቤንዚን እርማት በሚኒሞ ከ20 በመቶ በላይ ጨምሮ፣ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ሲደርስ ወደ ዜሮ ከተጠጋ፣ ያልተለካ አየር የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ይህን ንባብ ሳይመለከቱ ወደ ፕሮግራም መሄድ ደም ሳይመረመር መድኃኒት ማዘዝ ነው።

ጉዳዩ ከአንድ መኪና ያልፋል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያሉን መኪኖች ረጅም ዘመን ሊያገለግሉን ግድ ነው። ዋናው ፋይል ሳይቀመጥ የተለወጠ ኮምፒውተር ደግሞ ለሚቀጥለው መካኒክ የሚመሳከር ነገር አይተውለትም።

ፕሮግራም የሚገባበት ቦታ እንዳለ አምናለሁ። የኢንጀክተሩ መጠን ሲቀየር፣ ሞተሩ በሌላ ሲተካ፣ ወይም ነጂው እግሩን ከፔዳሉ ሲያነሣ የሚቋረጠው ቤንዚን የሚመለስበት መንገድ ከፋብሪካው ጀምሮ ሻካራ ሲሆን፣ ፋይሉን ማረም ትክክለኛ ሥራ ነው። ያን የሚሠራ ባለሙያ ግን ሦስት ነገር ለባለመኪናው ሊያሳይ ይገባል፦ የተቀመጠውን ዋና ፋይል፣ ከሥራው በፊት የተነበበውን የቤንዚን እርማት፣ ከሥራውም በኋላ በዚያው ዳገትና በዚያው ማርሽ የተነበበውን።