ማይል ወይስ ዘይት?

በውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ስለ ካርድ ሲያወሩ አንድ ጥያቄ አይጠፋም። ለእያንዳንዱ ግዢ የአውሮፕላን ማይል የሚሰጠው የክሬዲት ካርድ ይሻላል ወይስ ከአስቤዛ ወጪ ላይ ጥቂት በመቶ የሚመልሰው? እኛ ዘንድ በአብዛኛው ሰው ኪስ ያለው ካርድ ከራሱ ሂሳብ ላይ የሚቀንስ ነው፤ እያበደረ ሽልማት የሚጨምር አይደለም። ሆኖም ጥያቄው በሌላ ስም ቤታችን ገብቷል። በአንድ በኩል የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሼባ ማይልስ አለ። በሌላ በኩል የሸማቾች ማኅበር፣ የሰፈር ሱቅ ዱቤ፣ የቴሌብር ‹መላ› እና ‹እንደኪሴ›፣ የዳሸን ባንክ ‹ዱቤ አለ› አሉ። ሁሉም ‹ይጠቀሙ› ይላሉ። የትኛው ለየትኛው ቤት ይሆናል?

ለምሳሌ ያህል ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሚሠሩ ባልና ሚስት እንውሰድ። ፓርኩ በነሐሴ 2014 የአገሪቱ የመጀመሪያ የነፃ ንግድ ቀጣና ሥራ የጀመረበት ነው፤ ስለዚህ ከፋብሪካ ሠራተኛው ሌላ የትራንዚት፣ የመጋዘንና የጭነት ሥራ ያለው ሰውም ይበዛበታል። ባል በሎጂስቲክስ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ለሥራ በዓመት አራት አምስት ጊዜ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ሚስት በፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ትሠራለች። ሁለት ልጆች አሏቸው። የባል እናት አዲስ አበባ ናቸው፤ የልጅ ልጆቻቸውን በዓመት አንዴ ማየት ይፈልጋሉ። የወሩ አራተኛ ሳምንት ሲደርስ ደግሞ ዘይቱም ዱቄቱም አብረው ያልቃሉ።

እነዚህ ባልና ሚስት የሚመርጡት በሁለት ችግሮች መካከል ነው። አንዱ በዓመት አንዴ ይመጣል፣ ሌላው በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ።

ከመምረጣቸው በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ሽልማቱን የሚከፍለው ማን ነው? በነፃ የሚሰጥ ነገር የለም። የውጭዎቹ ካርዶች ሽልማት ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንዱ ነጋዴው ለእያንዳንዱ የካርድ ሽያጭ ከሚከፍለው ኮሚሽን ነው፤ ነጋዴው ደግሞ ዋጋው ላይ ይጨምረዋል። ሁለተኛው ዕዳቸውን በወሩ መጨረሻ ጨርሰው የማይከፍሉ ሰዎች ከሚጫንባቸው ወለድ ነው። በወቅቱ የሚከፍለው ይጠቀማል፣ የሚያሳድረው ደግሞ የሌላውን ሰው ትኬት ይከፍላል።

አሁን ማይሉን በዚሁ ጥያቄ እንመርምረው። የአየር መንገድ ማይል ዛሬ ባለው መልኩ የተስፋፋው አሜሪካን ኤርላይንስ በ1981 እ.ኤ.አ. የራሱን ፕሮግራም ከጀመረ በኋላ ነው። ዓላማው ብዙ የሚበረውን፣ በተለይ ለሥራ የሚመላለሰውን ደንበኛ ማሰር ነበር። ሼባ ማይልስም በዚህ መንገድ ይሠራል። አባልነቱ በነፃ ነው፤ ደረጃው ከሰማያዊ ተነስቶ በብርና በወርቅ አልፎ ወደ ፕላቲነም ይወጣል። አየር መንገዱ ከታኅሣሥ 2004 ጀምሮ የስታር አሊያንስ አባል ስለሆነ በሉፍታንዛ ወይም በዩናይትድ የሚበር ሰውም ማይሉን እዚሁ ሂሳብ ላይ ሊያስገባ ይችላል።

ለእኛ ቤተሰብ ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ ማይሉ የሚመዘገበው ትኬቱን ለከፈለው ሳይሆን በወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ነው። ባልን መሥሪያ ቤቱ ሲልከው ከፋዩ ድርጅቱ ነው፤ ማይሉ ግን የእሱ ነው። ከቤት ምንም ገንዘብ አልወጣም። እዚህ ላይ አለመመዝገብ የራስን ገንዘብ መሬት ላይ ጥሎ መሄድ ነው። ልጃቸው ዋሽንግተን ሆና ትኬት የላከችላቸው እናትም እንዲሁ ናቸው። የአንድ ረጅም በረራ ማይል ከብዙ የድሬዳዋና አዲስ አበባ ምልልስ ይበልጣል፤ ስለዚህ እናት ከመሳፈራቸው በፊት አባል ቢሆኑ ይጠቀማሉ።

ገንዘቡ ከራስ ኪስ ሲወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በአውቶቡስም ሆነ በባቡር የቀን ጉዞ ነው። አራት ሰው ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ ‹ማይል እናገኛለን› ብሎ በአውሮፕላን ቢሄድ፣ ለማይሉ ሲል ከአውቶቡስ ዋጋ በላይ የሆነውን ልዩነት ሁሉ ከፈለ ማለት ነው። ልጆቹ ሕፃናት ስለሆኑ፣ ጊዜ ስለሌለ ወይም ስለሚመች ከሆነ በቂ ምክንያት ነው። ማይሉ ብቻውን ግን ምክንያት አይሆንም።

ሌላም አለ። የሽልማት ትኬት ሲቆረጥ ቀረጡና ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ይቀራል። ማይል የማብቂያ ጊዜ አለው። ቅናሽ ትኬት የሚያስገኘው ማይል ከሙሉ ዋጋው ያንሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለመጓዝ ዕረፍት ያስፈልጋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚሰጠው የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። የባልና የሚስት ፈቃድ ከልጆቹ ትምህርት ቤት ዕረፍት ጋር ካልገጠመ ማይሉ ቁጥር ሆኖ ይቀራል። በታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ሰሞን ደግሞ እንግዳ ወደ ድሬዳዋ ይጎርፋል፤ በዚያ ጊዜ በሽልማት ትኬት ወንበር አገኛለሁ ማለት ዘበት ነው። በዚያው ሳምንት የአስቤዛው ወጪም በእጥፍ ይጨምራል።

ወደ ዘይቱ እንምጣ። የአስቤዛ ሽልማት ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በ1844 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሮችዴል በምትባል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተማ 28 ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ሱቅ ከፈቱ። ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና ሻማ ይሸጡ ነበር። የተገኘውን ትርፍ የሚከፋፈሉት እያንዳንዱ አባል ከሱቁ በገዛው መጠን ነው። ብዙ የገዛ ብዙ ይመለስለታል። ከፋዩ ማን ነው? ራሳቸው። ለነጋዴ ይሄድ የነበረውን ትርፍ ለራሳቸው መለሱት።

የእኛም የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከዚያው ሥር የመጡ ናቸው። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ለመጠባበቂያ የሚቀመጠው ከተቀነሰ በኋላ የሚከፋፈለው ትርፍ የአባላት ነው። ስለዚህ ዘይት፣ ዱቄት፣ ሩዝና መኮሮኒ ከማኅበር የሚገዛ አባል እውነተኛውን የአስቤዛ ሽልማት የሚያገኝበት በር አለው። ከመግባትዎ በፊት ግን ሦስት ነገር ይጠይቁ። ማኅበሩ ሂሳቡን በየዓመቱ ያስመረምራል? ባለፈው ዓመት ለአባላት ትርፍ ከፍሏል? የመደርደሪያው ዋጋ ከሰፈሩ ጅምላ ሻጭ ይሻላል? ለሦስቱም ጥሩ መልስ ካላገኙ ደረቁን ዕቃ ከጎረቤት ጋር ተቧድኖ በጅምላ መግዛት ይበልጣል። ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያው ግን የከፊራ ነው፤ እዚያ ሽልማቱ መከራከር ነው።

የሚያሳስበኝ ዱቤው ነው። የሰፈር ሱቅ ዱቤ ወለድ የለውም፤ ባለሱቁ ቤተሰቡን ያውቃል፣ ክፉ ቀን ያሳልፋል። ዋጋው ሌላ ቦታ ነው ያለው፦ ዱቤ ያለበት ሰው ዋጋ አይከራከርም፣ ሌላ ሱቅም አይሄድም። በስልክ የሚገኘው ብድር ደግሞ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የአገልግሎት ክፍያ ወይም ወለድ አለበት።

ሂሳቡን በምሳሌ እንየው። ቤቱ ለአስቤዛ በወር 15,000 ብር ያወጣል እንበል፤ ሁለት በመቶ የሚመልስ ሽልማት ቢያገኝ በወር 300 ብር ነው። ያው ቤት በአራተኛው ሳምንት 5,000 ብር ቢበደርና ስድስት በመቶ ቢከፍልበት ክፍያው 300 ብር ነው። አንዱ ሌላውን በላው። ክፍያው ትንሽ ከፍ ካለ ቤቱ ‹እየተሸለመ› ይከስራል። ስለዚህ በዱቤ ከመግዛትዎ በፊት ሻጩን ሁለት ዋጋ ይጠይቁ፦ በእጅ ስንት? በዱቤ ጠቅላላው ስንት? በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የብድሩ እውነተኛ ዋጋ ነው፤ ‹ወለድ የለውም› ቢባልም እንኳ።

ለእምነታቸው ሲሉ ወለድ የማይነኩ ቤተሰቦች በድሬ ብዙ ናቸው። ለእነሱ ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት አለ፤ እዚያም ቢሆን ባንኩ ገዝቶ ሲሸጥልዎ የሚጨምረው ትርፍ ከእጅ ዋጋው ጋር መነጻጸር አለበት። ዕዳው ከደመወዝ የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ ይህን ይያዙ፦ በዚያው አዋጅ 1156/2011 መሠረት በአንድ ጊዜ ከሠራተኛው ደመወዝ የሚቆረጠው በምንም ሁኔታ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ይህ ሕጉ የፈቀደው ጣሪያ ነው። ከደመወዙ ሲሶው የተቆረጠበት ቤት በሚቀጥለው ወር ሌላ ዱቤ መፈለጉ አይቀርም።

እንግዲህ ለባልና ሚስቱ የምለው ይህ ነው። ባል ዛሬውኑ ሼባ ማይልስ ይመዝገብ፤ ስሙ በመታወቂያው ላይ እንዳለው ይሁን፣ ቁጥሩን ለመሥሪያ ቤቱ ትኬት ቆራጭ ይስጥ፣ ማይሉ እስኪገባ የመሳፈሪያ ወረቀቱን አይጣል። ድርጅቱ በዚህ ላይ የራሱ ደንብ ካለውም አስቀድሞ ይጠይቅ። ከዚያ በኋላ ስለ ማይሉ አያስብ። የቤቱ ትኩረት አስቤዛው ላይ ይሁን፤ ገንዘቡ የሚፈሰው እዚያ ነውና። ደመወዝ በገባ በማግስቱ የወሩ ደረቅ ዕቃ አንዴ ይገዛ፣ አራተኛው ሳምንት ከዱቤ ይውጣ።

የእናት ጉዞስ? ለእሱ እቁብ አለ። እቁብ ማይል አይሰጥም፣ ወለድም አይጠይቅም፤ ዕጣው ከዕረፍቱ ወር በፊት እንዲደርስ ከሰብሳቢው ጋር መነጋገር ይቻላል። ከአራተኛው ሳምንት ዱቤ የተረፈችው 300 ብር እዚያ ትግባ፤ በዓመት 3,600 ብር ትሆናለች። አራት ሰው በአውሮፕላን አታደርስም፤ የጉዞውን ወጪ ግን ታቃልላለች፣ አያትም ባዶ እጅ አይጎበኙም።

ብዙ የሚበር፣ ትኬቱን ሌላ ሰው የሚከፍልለት ማይል ይሰብስብ። ገንዘቡ በወጥ ቤት በኩል የሚያልቅበት ቤት ደግሞ ዘይቱን ያስቀድም። የእርስዎ ቤት የትኛው እንደሆነ ካላወቁ ለአንድ ወር ወጪዎን በደብተር ይጻፉ። ከከፊራ ደረሰኝ አይመጣምና በየማታው መጻፍ ይኖርብዎታል። በሠላሳኛው ቀን ደብተሩ ራሱ ይነግርዎታል።