ለንግድ ወደ ቻይና ለምትጓዙ እህቶች

ቀደም ባለው ጊዜ ባሕር ማዶ ተሻግሮ ዕቃ መርጦ ማምጣት የጥቂት ታላላቅ ነጋዴዎች ሥራ ነበር። ዛሬ ግን በገበያ ውስጥ አነስተኛ ሱቅ ያላት እናት፣ ከጓደኞቿ ጋር ተዳብላ የልብስ ስፌት መኪና የምታስመጣ እህት፣ መሥሪያ ቤቷ መርጠሽ ነይ ብሎ የሚልካት ሠራተኛ ሁሉ ወደ ቻይና ይጓዛሉ። መንገዱም አዲስ አይደለም። አገራችንና የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ የዲፕሎማቲክ ግንኙነት የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደዚያች አገር መብረር የጀመረው በ1973 ነው። ብዙዎቹ ነጋዴዎቻችን የሚያውቁት የካንቶን የንግድ ትርኢትም እ.ኤ.አ. በ1957 ተጀምሮ፣ በደቡብ ቻይና በጓንዡ ከተማ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በጥቅምት ይከፈታል።

ለዚህ ጉዞ የሚወጣው ገንዘብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቤተሰብ ገንዘብ ነው። የዕቁብ ዕጣ፣ ከዘመድ የተገኘ ብድር፣ ለልጆች ትምህርት የተቀመጠ ጥሪት ተደማምሮ ነው ቲኬት የሚቆረጠው። በመሆኑም በወረቀት ጉድለት ከአውሮፕላን ጣቢያ የምትመለስ ወይም በሰው አገር የምትቀጣ እናት የምትከስረው ለራሷ ብቻ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ማወቅ የሚገባችሁን እንደሚከተለው አቅርበናል።

በመጀመሪያ የቪዛውን ዓይነት ለዩ። ቻይና ለውጭ አገር እንግዶች የምትሰጠው የመግቢያ ፈቃድ እንደ ጉዳዩ በላቲን ፊደል ተለይቷል። ለንግድ የሚሰጠው «ኤም»፣ ለጉብኝት የሚሰጠው «ኤል»፣ ለቅጥር ሥራ የሚሰጠው «ዜድ» ነው። ከብዙ ዓመት በፊት የተመላለሱ ነጋዴዎች «ኤፍ ነው የሚባለው» ቢሏችሁ አልዋሹም፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2013 ድረስ የንግድ መንገደኛም የሚገባው በኤፍ ነበር። ከዚያ ዓመት መስከረም ወር ወዲህ ግን ኤፍ የቀረው ንግድ ላልሆነ የልምድ ልውውጥና ለመሳሰለው ጉዳይ ነው።

የንግድ ቪዛ ዕቃ ለማየት፣ ለመዋዋልና ለመግዛት እንጂ ተቀጥሮ ለመሥራት አይፈቅድም። «በንግድ ቪዛ ግቢ፣ ሥራው እዚያ ይገኛል» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ አትመኑት። ያለ ፈቃድ ሲሠራ የተገኘ የውጭ አገር ሰው በቻይና ሕግ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ይቀጣል፤ ጥፋቱ ከበድ ካለ ደግሞ ከገንዘብ ቅጣቱ በተጨማሪ ከ5 እስከ 15 ቀን ይታሰራል። ቅጣቱን የምትከፍለው ደግሞ ተጓዧ እንጂ ደላላው አይደለም።

ለንግድ ቪዛ ዋነኛው ሰነድ ከቻይና የንግድ ባልደረባችሁ ወይም ከትርኢቱ አዘጋጆች የሚላክ የመጋበዣ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የተጋባዧን ሙሉ ስም፣ ጾታና የትውልድ ቀን፣ የጉዞውን ምክንያት፣ የመድረሻና የመመለሻ ቀን፣ የሚጎበኙትን ከተሞች፣ ከጋባዡ ጋር ያለውን ግንኙነትና ወጪውን ማን እንደሚችል መግለጽ አለበት። የጋባዡ ድርጅት ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ ማኅተምና የኃላፊው ፊርማም ሊኖርበት ይገባል። ፓስፖርቱ ደግሞ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግልና ባዶ የቪዛ ገጽ ያለው መሆን አለበት።

ስማችሁ በደብዳቤው፣ በማመልከቻውና በቲኬቱ ላይ በፓስፖርቱ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ፊደል እንኳ ሳይለያይ መመሳሰል አለበት። በእኛ አገር ሴት ባገባች ጊዜ የአባቷን ስም አትለውጥም። ስለዚህ በማመልከቻው ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚል ቦታ ስታዩ የባላችሁን ስም አትጻፉበት፤ በፓስፖርቱ ላይ ያለውን ብቻ ገልብጡ።

ቀንና ሰዓትም ብዙ ሰው ያሳስታሉ። በቪዛውና በቲኬቱ ላይ ያለው ቁጥር በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። «09» የሚለውን ወር እንደ ግንቦት አትቁጠሩት፤ ሴፕቴምበር ነው፤ ይኸውም ከነሐሴ ማገባደጃ እስከ መስከረም 20 ገደማ ያለው ጊዜ ነው። በቲኬት ላይ ቀኑ የሚለወጠውም ሲነጋ ሳይሆን በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ማክሰኞ 00፡30 የሚል በረራ የሚነሳው ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ስለሆነ፣ ሰኞ ማታ አውሮፕላን ጣቢያ መገኘት ያስፈልጋል።

ቪዛው በእጃችሁ ከገባ በኋላ ሦስት ነገር አንብቡ። አንደኛው የመጨረሻው የመግቢያ ቀን፣ ሁለተኛው ስንት ጊዜ መግባት እንደሚቻል፣ ሦስተኛው በእያንዳንዱ መግቢያ ስንት ቀን መቆየት እንደሚፈቀድ ነው። የመግቢያው ቀንና የመቆያው ቀን የተለያዩ መሆናቸውን ልብ በሉ። ለምሳሌ ያህል በሦስት ወር ውስጥ እንድትገባና 30 ቀን እንድትቆይ የተፈቀደላት እህት፣ ቪዛው በተሰጣት በመጀመሪያው ሳምንት ብትገባ ሦስት ወር አለኝ ማለት አትችልም። 30ው ቀን ከገባችበት ማግስት ጀምሮ ይቆጠራል፤ ሲያልቅ መውጣት አለባት።

ቀኑን ያሳለፈ ሰው ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ጉዳዩ ከበድ ካለ ግን ላሳለፈው ለእያንዳንዱ ቀን 500 ዩዋን፣ በጠቅላላው እስከ 10,000 ዩዋን ሊቀጣ ወይም ከ5 እስከ 15 ቀን ሊታሰር ይችላል። ዕቃው አልተጫነም ወይም ፋብሪካው ዘግይቷል ብላችሁ መቆየት ካስፈለጋችሁ፣ ቀኑ ከማለቁ ቢያንስ ሰባት ቀን ቀደም ብላችሁ በከተማው ፖሊስ የመግቢያና መውጫ ጉዳይ ክፍል እንዲራዘምላችሁ አመልክቱ።

ስንት ጊዜ መግባት ይቻላል የሚለውም ቀላል ነገር አይደለም። ሆንግ ኮንግ ለጓንዡ ቅርብ በመሆኗ፣ ደረስ ብዬ ልመለስ የምትል ነጋዴ ትኖራለች። ሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ማካውም በ1999 ለቻይና ቢመለሱም፣ የየራሳቸው የመግቢያ ደንብና የፍተሻ ኬላ አላቸው። ወደ እነርሱ መሄድ ከዋናው ቻይና እንደ መውጣት ስለሚቆጠር፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘች ሴት ሻንጣዋንና የከፈለችበትን ዕቃ ጓንዡ ትታ ብትወጣ፣ አዲስ ቪዛ ሳታገኝ መመለስ አትችልም።

እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ሆቴል ካረፋችሁ ሆቴሉ ራሱ ለፖሊስ ያስመዘግባችኋል። ወጪ ለመቆጠብ ከአገር ልጅ ቤት ካረፋችሁ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ እናንተ ወይም የቤቱ ባለቤት በአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ ማስመዝገብ አለባችሁ። ፓስፖርታችሁም ከእጃችሁ አይለይ፤ ፖሊስ ሲጠይቅ ማሳየት ግዴታ ነው።

የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃም ያዙ። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉት ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት የሚሮጡለት ነገር አይደለም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ማስረጃው ለዕድሜ ልክ ስለሚያገለግል፣ ከዚህ ቀደም የተከተባችሁ ወረቀቱን ፈልጋችሁ አግኙት። ከ5,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ በጥሬው ይዛችሁ ከሆነ ስትገቡ ለቻይና ጉምሩክ ማስመዝገብ ይገባችኋል። ከአገር ሲወጣ ምን ያህል እንደሚፈቀድ ደግሞ ባንካችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አሁን ከሁሉ የከበደውን እንንገራችሁ። የሰው አደራ መቀበል የባህላችን ወግ ነው፤ በዚህ ጉዞ ላይ ግን ከፍታችሁ ያላያችሁትን ዕቃ አትቀበሉ። በቻይና ሕግ 50 ግራም ሄሮይን ወይም ከዚያ በላይ ማስገባት 15 ዓመት፣ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስቀጣል። ሃምሳ ግራም ማለት ከአንድ ጭብጥ ቡና የማይበልጥ ነገር ነው፤ በሻንጣ ክፈፍ ወይም በጫማ ሶል ውስጥ ይሸሸጋል። በእጃችሁ ከተገኘ በኋላ «የእኔ አይደለም» ማለት ነፃ ለመውጣት አይበቃም። በአገራችን በየመንደሩ የሚሸጠው ጫትም በቻይና እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የተከለከለ ዕፅ ስለሆነ፣ ለዘመድ ስጦታ ብላችሁ አንዲት እስር እንኳ እንዳትይዙ። የአደራው ባለቤት ዘመድ ቢሆንም በፊታችሁ ይፍታው። የሚቀየም ቢኖር ይቀየም፤ ልጆቻችሁ እናታቸውን ማጣት የለባቸውም።

በቤትም የሚቀር ዝግጅት አለ። የፓስፖርቱንና የቪዛውን ቅጂ፣ የበረራውን ቁጥር፣ የጋባዡን ድርጅትና የምታርፉበትን ቦታ ስልክ ለባለቤታችሁ ወይም ልጆቹን ለሚጠብቅ ሰው ትታችሁ ሂዱ። በናንተ ስም የሚፈጸም የባንክ ወይም የሱቅ ጉዳይ ካለ ውክልና ስጡ። አገራችን ቤጂንግ ኤምባሲ፣ ጓንዡ ደግሞ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ስላላት ስልካቸውን ከመነሳታችሁ በፊት በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ የእጅ ስልክ ሊጠፋ ይችላልና።

ደንብ ይሻሻላል፤ ክፍያም ይለወጣል። በመሆኑም ባለፈው ዓመት የሄደች ጎረቤት የነገረቻችሁን ሰምታችሁ፣ የዘንድሮውን ግን ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ከቪዛ ክፍሉ አረጋግጡ። በሰላም ሄዳችሁ በሰላም ግቡ።