የአቶም እንቅስቃሴና የገበሬው ማዳበሪያ

ገበሬው በማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ መነሻው ሰው ሁሉ ከሚተነፍሰው አየር የተወሰደ ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን ግን ሁለት ሁለት ሆኖ እጅግ ጠብቆ የተያያዘ ስለ ሆነ በቀላሉ አይለያይም። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1909 ከሃይድሮጅን ጋራ አዋሕዶ አሞንያ ሊያወጣ የቻለው በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት፥ በካታሊስት አማካይነት ነው። ካርል ቦሽ ሥራውን ወደ ፋብሪካ አድርሶት በ1913 በኦፓው ማምረት ተጀመረ። ካታሊስት ማለት፥ ሽማግሌ ሁለት ቤተ ሰብ አጋብቶ ራሱ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ሁሉ፥ ሌሎችን አዋሕዶ ራሱ ሳያልቅ የሚቀር ነገር ነው። ለአሞንያ ዋናው ካታሊስት ብረት ነው፤ የሚሠራውም በገጹ ብቻ ነው።

ይህ ገጽ በሥራ ላይ ሳለ ምን እንደሚሆን ለብዙ ዘመን በግምት ይነገር ነበር እንጂ አቶሙን በዓይኑ ያየ አልነበረም። በ2001 በዴንማርክ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ሌላውን የአሞንያ ካታሊስት፥ ሩተንየምን፥ በጋዝና በሙቀት ውስጥ እንዳለ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመልክተው፥ አብሮት የተጨመረው ባርየም በገጹ ላይ የት እንደሚቀመጥ አሳዩ። በ2002 የመዳብ ቅንጣቶች ጋዙ ሲለወጥ ቅርጻቸውን ሲለውጡ፥ በ2004 ደግሞ የኒኬል አቶሞች ካርቦን ሲያድግባቸው ከስፍራቸው ሲሸሹ ታዩ። የማይነቃነቅ የሚመስለው ማዕድን እንደ ጉንዳን ቤት ዕረፍት የሌለው ሆኖ ተገኘ። እርግጥ ወደ ማይክሮስኮፑ የሚገባው ጋዝ ጥቂት ሚሊባር ሲሆን የፋብሪካው ግፊት ከመቶ አትሞስፌር ይበልጣል፤ ስለዚህ የታየውን ሁሉ የፋብሪካው እውነተኛ ሥዕል ነው ብሎ መቸኮል አይገባም።

አንዳንድ ሰው፥ «ይህ ለባለ በሬው ምን ይረባዋል?» ይል ይሆናል። ቅንጣቶቹ እየተጣበቁ ገጻቸው ሲያንስ ካታሊስቱ ይደክማል፤ ፋብሪካውም ለዚያው አሞንያ የበለጠ ወጪ ያወጣል፤ ወጪውም ዞሮ ዞሮ ወደ ኩንታሉ ዋጋ ይገባል። ኢትዮጵያ ዩሪያዋን ከባሕር ማዶ ስታስመጣ ቆይታ፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በነሐሴ 2017 በጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን የሚያወጣ ፋብሪካ ለማቆም ስምምነት ተፈርሟል። ባለ ሥልጣኖች ግንቡንና ቧንቧውን ብቻ ቆጥረው ቢረከቡ፥ ካታሊስቱም በታሸገ በርሜል መጥቶ ሲደክም ምክንያቱ ሳይመረመር ሌላ ቢታዘዝ ትልቅ ጉድለት ነው። ከግንባታው ጋራ የካታሊስትን ገጽ የሚመረምሩ ወጣቶች በዩኒቨርሲቲ ሊሠለጥኑ ይገባል። ማይክሮስኮፑ እጅግ ውድ ስለ ሆነ ለጊዜው በውጭ አገር ላቦራቶሪ ሊማሩበት ይችላሉ፤ ያረጀውን ካታሊስት ከመጣል ይልቅ የወጣበትን ቀንና የሠራበትን ሙቀት ጽፎ ለምርመራ ማስቀመጥ ግን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።