ወደ ምሥራቅ የዞረች ጥግ
በአንዲት ክፍል ኪራይ ቤት የሚኖር ወዳጅ «የጸሎት ቦታ የለኝም» ሲለኝ አዝናለሁ። ቦታ አለው። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ወደ ጓዳ ገብተን በር እንድንዘጋ አዘዘ እንጂ የጓዳውን ስፋት አልወሰነም። ነቢዩ ዳንኤል በምርኮ አገር፣ ያውም ቤተ መቅደሱ ፈርሶ ሳለ፣ መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ በቀን 3 ጊዜ ይጸልይ ነበር። ለእኛ ለኦርቶዶክሳውያን ወደ ምሥራቅ የዞረች አንዲት ጥግ፣ የእመቤታችን ሥዕልና የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ይበቃል። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይቅር አላልኩም፤ ቅዳሴውና ቁርባኑ ያሉት እዚያ ነው። ግን ከሰንበት እስከ ሰንበት ያሉትን ቀናት ለማን እንተዋቸው? በዓረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ሌሊት ከአልጋቸው ሥር ለስግደት የሚያገኟትን ስንዝር ቦታ ሳስብ፣ እኛ ሰፊ ሳሎን ይዘን ግድግዳ የምንመርጠው ለቴሌቪዥን ብቻ መሆኑ ያንገበግበኛል።